ወጥ ቤቱ ሰላም ብሎሃል

አባቴ የአንድ የወንበዴ ቡድን ታሪክ ከሥር መሠረቱ ያውቃል። ማን ማንን እንደከዳ፣ ማን የማንን ወደብ እንደቀማ፣ የትኛው አለቃ በየትኛው ምግብ ቤት በር ላይ እንደተመታ ጠይቁት፤ ሳይደናቀፍ ይነግራችኋል። ቡድኑ በዓለም ላይ የለም። በሩቅ ምሥራቅ ስላለች የወደብ ከተማ የተሠራ፣ ሰባት ክፍል ያለው የቪዲዮ ጌም ነው። አባቴ የሚያውቀው እስከ ሦስተኛው ክፍል ሲሆን አንዱንም በዓይኑ አላየም።

ጌሙ የእኔ ነው። ሰመራ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ፋይል በቁጥር እደረድራለሁ፣ ሲጠየቅ አወጣለሁ፣ ሲመለስ ቦታው እከታለሁ። ሰመራ በሙቀቱ ወራት ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰው ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል። ሌላው ይተኛል። እኔ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ጊዜ ከሎጊያ አንድ ያገለገለ ማጫወቻ ገዛሁ። ከጅቡቲ በኩል የገባ ነው። ሻጩ ሰባቱንም ክፍል ጭኖ ሰጠኝና «ለልጅሽ ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ልጅ የለኝም። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነች ሴት በየቀትሩ መንገድ ላይ ሰው እንደምትደበድብ ማንም ማወቅ አያስፈልገውም ብዬ ነው።

አባቴ የሚኖረው አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። በአሮጌው ባቡር ላይ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበር። የልብ ጓደኛው ደግሞ ባቡር ነጂ ነበሩ፤ ጡረታ ሲወጡ ድሬዳዋ ቀሩ። እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አራት ሰዓት ላይ ይደውሉለታል። ያ ስልክ ውይይት አልነበረም። ከሠላሳ ዓመት በፊት አንድ ቀን ባቡሩ አዋሽ ዘግይቶ ገብቶ ነበር፤ ጥፋቱ የነጂው ነው ወይስ የተቆጣጣሪው የሚለው እስካሁን አልተወሰነም። በየሳምንቱ ይጨቃጨቁበታል፣ አንዱ በሌላው ጆሮ ላይ ይዘጋል፣ በሚቀጥለው እሑድ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። አባቴ ቅዳሜ ማታ የሚናገረውን ሲያዘጋጅ ያመሻል።

የአባቴ አንድ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል። ሁለተኛውም መደብዘዝ ሲጀምር አዳማ ወስጄ ኦፕራሲዮን አስደረግሁለት። ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቶ እኔ ኮሪደሩ ላይ እንደተቀመጥኩ እህቴ ደወለች። ድሬዳዋ ያሉት ጓደኛው በዚያው ጠዋት አርፈዋል። ታመው አልነበረም። ቁርስ በልተው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ነው።

እህቴ አልቅሳ ሳትጨርስ «እንዳትነግሪው» አለችኝ።

ትንሽ ቆይቶ ሐኪሙ ወጣና የተከለከለውን ዘረዘረልኝ። ለስድስት ሳምንት መጎንበስ የለም። ዕቃ ማንሳት የለም። ዓይን ማሸት የለም። አቧራ የለም። «ማልቀስም ጥሩ አይደለም» አለ፣ እንደ ቀልድ፣ ወረቀቱን እየፈረመ። ሽማግሌ የሚያስለቅስ ምን አለ ብሎ ይሆናል። ለእህቴ ስነግራት ከዝርዝሩ የሰማችው ያንን አንድ ብቻ ነው።

መርዶ እኛ ዘንድ ሥርዓት አለው። በስልክ አይነገርም፣ በመንገድ ላይ አይነገርም፣ ባዶ ቤት አይነገርም። የእድሩ ዳኛና የቅርብ ሰዎች ተሰብስበው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ከአልጋው ሳይወርድ ይነግሩታል። የታመመ ሰው ከሆነ እስኪድን ይጠበቃል። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ዓመት። እህቴ በአንድ ከሰዓት የእድሩን ዳኛ፣ አክስቴንና ጎረቤቶቹን አስተባብራ ወሰነች፤ መርዶው ስድስቱ ሳምንት ሲሞላ ይሆናል። እስከዚያ አባቴ አዋሽ አይገባም። አዋሽ ከገባ ከአንዱ አፍ ያመልጣል። እኔ ጋ፣ ሰመራ ይሄዳል።

ለአባቴ የነገርኩት ቤቱ ቀለም እየተቀባ ነው፣ ሽታው ለዓይን አይሆንም ብዬ ነው። እህቴ ውሸቴ እንዳይጋለጥ ብላ እውነትም ቤቱን አስቀባችው።

ችግሩ ከአዳማ ሰመራ የሚሄድ አውቶቡስ ለምሳ የሚቆመው አዋሽ ነው። አባቴን ከመስኮቱ ወዲያ በኩል አስቀምጬዋለሁ፤ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኗል። ሞተሩ ሳይጠፋ «አዋሽ ነን» አለ። የሰፈራችን አንዲት ሴት አየችንና በመስኮቱ በኩል ደረትዋን ይዛ መጣች። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። ሴትየዋ የጀመረችውን ለቅሶ አፏ ውስጥ አዙራ «ጋሼ… ጋሼ እንኳን ለዚህ አበቃህ!» አለች።

«ምነው ድምፅሽ?» አላት አባቴ።

«ጉንፋን ነው።»

ከእሷ በኋላ ሦስት ሰዎች መጡ። ሦስቱም ጉንፋን ይዟቸዋል። አውቶቡሱ ሲነሳ አባቴ «አዋሽ በሽታ ገብቷል፤ እንኳን አልወረድን» አለኝ።

ሰመራ የተከራየሁት አንድ ክፍል ከነበረንዳው ነው። አከራዬ ግመሎቻቸውን ለልጆቻቸው ትተው ከተማ የገቡ የአፋር ሽማግሌ ናቸው፤ ሐጂ እላቸዋለሁ። አባቴን በበረንዳ ተቀብለው መዳፉን ይዘው ገና ሊቀመጡ ሲሉ ወደ ጎን ወስጄ የሆነውን ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «እኛ ሰው ከሰው ሲገናኝ ቆሞ ወሬ ይነግራል። የሰማውን ሁሉ። ዳጉ ነው። አንዱን አስቀርቶ ሌላውን መናገር ውሸት ነው። አባትሽ ምን ሰማህ ካለኝ ምን ልበለው?»

«ሐጂ፣ ሐኪም ስለከለከለ ነው።»

«ወላሂ እኔ አልችልም» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ በረንዳ ላይ ካለ በገዛ ግቢያቸው በጓሮ በኩል ዞረው መግባት ጀመሩ። በዚያ ፀሐይ።

በሦስተኛው ቀን አባቴ ተኝቷል ብዬ ድምፁን ቀንሼ መጫወት ጀመርኩ። አምስተኛው ክፍል ላይ ነበርኩ።

«ምንድን ነው የሚተኮሰው?» አለ ከአልጋው።

«ፊልም ነው።»

«ፊልም ከሆነ ጣትሽ ለምን ይንጣጣል?»

ዓይኑ የተሸፈነ ሰው ጆሮው እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም። ተናዘዝኩ። ይቆጣል ብዬ ነበር። ግን ሦስት ቀን ሙሉ የአየር ማራገቢያ ሲያዳምጥ የከረመ ሰው ነው፤ «ታዲያ ለብቻሽ?» አለኝ። «ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

መጀመሪያው የቱ እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ። ሠሪዎቹ አምስት ክፍል ከሠሩ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰው የጀግናውን የወጣትነት ታሪክ ስድስተኛ አድርገው ሠርተውታል። ስለዚህ በአሠራር ስድስተኛ፣ በታሪክ አንደኛ ነው። የሎጊያው ሻጭም ሆነ ሌላው የሚያውቅ ሰው ሁሉ በተሠራበት ቅደም ተከተል ተጫወቺ ነው የሚለው።

አባቴ ይሄን ሲሰማ አልጋው ላይ ተነስቶ ተቀመጠ። «ምን ማለት ነው? ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው ሞጆን ዘሎ አዳማ አይገባም። ቀድሞ የሆነው ቀድሞ ይነገረኝ።»

አምስተኛውን ክፍል ዘጋሁና ስድስተኛውን፣ ማለትም አንደኛውን፣ ከፈትኩ። የሁለት ዓመት ድካሜን እዚያው ተውኩት። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ከአባቴ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን አንድ ነገር የሠራንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ ልጅ ሳለሁ እሱ ባቡር ላይ ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጀግናው ወደብ ላይ ክሬን የሚነዳ ወጣት ነው። አብሮት ያደገ አንድ ጓደኛ አለው፣ በወደቡ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ሆኖ ምግብ የሚሠራ። ክሬን ነጂው ከወንበዴዎቹ ጋር ይገባል፤ ወጥ ቤቱ አይገባም፣ ግን ጥሎትም አይሄድም። በእያንዳንዱ ድብድብ ማግሥት ክሬን ነጂው ምግብ ቤቱ ይመጣል፤ ወጥ ቤቱ ሾርባ እያቀረበለት ይሰድበዋል። እኔ ከሥር በእንግሊዝኛ የሚጻፈውን እያነበብኩ ለአባቴ በአማርኛ እነግረዋለሁ። ስድቡን ስተረጉም አባቴ ፋሻው እስኪነቃነቅ ይስቃል። «ልክ እንደ እሱ! ልክ እንደዚያ ባቡር ነጂ! ሰው ከሞት ተርፎ ሲመጣ ለምን ዘገየህ የሚል ሰው!»

ስለ ቀሪው ብዙ ጥያቄ ነበረው። ክሬን ነጂው መንገድ ላይ አሥራ አራት ሰው ዘርሮ ወዲያው ሱቅ ገብቶ ዳቦ ሲገዛ «ፖሊስ የለም እዚህ አገር?» አለ።

«አለ። እነሱም ተካፋይ ናቸው።»

«ወንበዴዎቹ ደሞዝ አላቸው?»

«ከየሱቁ ይሰበስባሉ።»

«ጡረታስ?»

«የላቸውም፣ አባዬ። ብዙዎቹ እዚያ አይደርሱም።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት አገልግሎ!» አለና ከልቡ አዘነ።

የመጀመሪያው እሑድ መጣ። አራት ሰዓት ሆነ። ስልኩ እኔ ጋ ነው፣ አልጮኸም። አራት ሰዓት ተኩል ላይ አባቴ «ደውዪለት» አለኝ። የቁልፎቹ ድምፅ እንዲሰማ አድርጌ የገዛ ቢሮዬን ቁጥር መታሁ። እሑድ ስለሆነ የሚያነሳው የለም። «አይነሳም» አልኩት።

ለሁለተኛው እሑድ እህቴ ከአዋሽ መፍትሔ ላከች። የድሬዳዋው ጋሼ ጉሮሯቸውን ታመው ሐኪም እንዳይናገሩ ከልክሏቸዋል፤ መልእክት ግን በልጃቸው በኩል ይቀበላሉ። ለአባቴ ነገርኩት። «እኔን እንዳላይ፣ እሱን እንዳይናገር። ጥሩ ሐኪሞች ነው የገጠሙን» አለ። ከዚያም «በይ ሰላም በይው። ባቡሩን ያዘገየው እሱ እንደሆነ አሁን ዝም ካለ እንዳመነ እቆጥረዋለሁ በይው» አለኝ።

ስልኩን ይዤ ወጥቼ በረንዳው ላይ ትንሽ ቆምኩ። ተመልሼ ገባሁ። «ሰላም ብሎሃል። አይዞህ፣ ራስህን ጠብቅ፣ እንገናኛለን ብሏል።»

«ስለ ባቡሩስ?»

«ስለ ባቡሩ ምንም አላለም።»

«ምንም?» አለ አባቴ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ አልመሰለኝም።

በታሪክ ሁለተኛው፣ በአሠራር አንደኛው ክፍል ሲገባደድ ጭንቅ ያዘኝ። ከዚህ በፊት ተጫውቼዋለሁ፣ የሚመጣውን አውቃለሁ። ወጥ ቤቱ ይሞታል። ለክሬን ነጂው የተተኮሰው ጥይት እሱን ያገኘዋል፤ ዝናብ ውስጥ፣ ጓደኛው እቅፍ ላይ ይሞታል። መጀመሪያ ስጫወት እኔ ራሴ አልቅሼበታለሁ፤ በማግሥቱ ቢሮ ዓይኔ አብጦ ገብቼ አቧራ ነው ብያለሁ። አባቴ ደግሞ ይሄን ሰውዬ ጓደኛውን አድርጎት ቁጭ ብሏል።

ለእህቴ ደወልኩ። «አንድ ሰው ሊሞት ነው» አልኳት።

«ማን?!»

«ወጥ ቤቱ። ጌሙ ውስጥ ያለው።»

 እህቴ ጌም የሚባል ነገር አታውቅም፤ ወንበዴዎቹንም ለእኔ ብላ ታግሳ ነው የሰማችው። ግን አስባበት ዋናውን ጥያቄ ጠየቀችኝ። «አባዬ ይወደዋል?»

«በጣም።»

«በቃ አይነገረውም። ስድስት ሳምንቱ ይሙላ።»

በማግሥቱ አክስቴ ደወለች። «የወጥ ቤቱን ነገር ሰማሁ» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አደራ አፍሽን ጠብቂ።»

ቀኑ ደረሰ። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሐጂ የመብራት ቆጣሪ ሊያነቡ በበሩ ብቅ ብለው እዚያው ቆመው ቀሩ። ስክሪኑ ላይ ዝናቡ ወረደ፣ ጥይቱ ተተኮሰ፣ ወጥ ቤቱ ወደቀ። ሐጂ ከንፈራቸው «ኢና ሊላሂ…» ሲል አየሁ፤ ድምፅ አላወጡም። የሐዘን ሙዚቃ ተጀመረ።

«ምነው ሙዚቃው?» አለ አባቴ።

«ወጥ ቤቱ አገር ለቆ ሊሄድ ነው። መርከብ ላይ ሥራ አግኝቷል። እየሸኙት ነው።»

«ጥይቱስ?»

«ሽኝት ነው። እንደዚያ ነው ባህላቸው።»

ሐጂ አዩኝ። ቆጣሪውን ሳያነቡ ሄዱ።

ውሸት አንዴ ከተጀመረ ሰው ያሠራል። ሦስተኛው ክፍል የሚከፈተው ክሬን ነጂው የጓደኛው መቃብር ላይ ቆሞ ነው፤ ለአባቴ መናፈሻ ነው አልኩት። በየሁለት ቀኑ መናፈሻ ይሄዳል። አባቴ «ሥራ የለውም እንዴ?» አለ። ከዚያ ወጥ ቤቱን መጠየቅ ጀመረ። ደረሰ ወይ? ደብዳቤ ጻፈ ወይ? ክሬን ነጂውን ማን ይሳደብለታል? አንድ ቀን መልስ ሲጠፋኝ ክሬን ነጂው ምሳ ሲበላ «አሁን መልእክት ደረሰው» አልኩ። «ከወጥ ቤቱ?» አለ አባቴ፣ ወደ ድምፄ ዞሮ። «አዎ። ሰላም ብሎሃል፣ አይዞህ፣ ራስህን ጠብቅ፣ እንገናኛለን ይላል።»

 አባቴ ያን ቀን ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም፤ ደክሞት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

በዚያ ሳምንት ፋሻው ተነስቶለት ጥቁር መነጽር አድርጎ ጥላ ውስጥ መቀመጥ ተፈቅዶለት ነበር፤ የሰው ቅርጽ እንጂ ፊት አይለይም። ሐጂ በጓሮ ሲዞሩ ቅርጻቸውን አየና ጠራቸው። ማምለጫ አጡ። ተቀምጠው ያላቸውን ወሬ ሁሉ ነገሩት። የት እንደዘነበ፣ የትኛው መኪና ሎጊያ ጋ እንደተገለበጠ፣ የማን ግመል እንደወለደች፣ ማን ልጁን እንደዳረ። ጨርሰው በችኮላ ተነሱ።

አባቴ «ሌላስ?» አላቸው።

ሐጂ «አላህ ዓይንህን ያብራልህ» ብለው በፀሐዩ ሄዱ።

በማግሥቱ በቀትር ሦስተኛውን ክፍል ስከፍት አባቴ «አጥፊው» አለኝ። አጠፋሁት። ማራገቢያው ብቻ ቀረ።

«ወጥ ቤቱ ሞቷል» አለ።

 «አዎ» አልኩ።

«መቼ?»

«ሁለተኛው መጨረሻ ላይ። ዝናቡ ጊዜ።»

«ክሬን ነጂው አብሮት ነበር?»

«እቅፉ ላይ ነው የሞተው።»

ራሱን ነቀነቀ። እጆቹ የአልጋውን ብረት ይዘዋል። «የእኔውስ?» አለኝ።

«አባዬ…»

«ልጄ፣ የሁለቱም ሰላምታ አንድ ዓይነት ነው። አይዞህ፣ ራስህን ጠብቅ፣ እንገናኛለን። ያ ሰውዬ በአምሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አይዞህ ብሎኝ አያውቅም።»

አፈርኩ። ስለዋሸሁ ብቻ ሳይሆን ስንፍናዬም አሳፈረኝ፤ ለሁለት የሞቱ ሰዎች ሁለት መልእክት ማሰብ አቅቶኝ አንዱን ለሁለቱም አካፈልኩ። ሰውየው በሕይወት ቢኖሩ ምን እንደሚሉ አንዴ እንኳን ቆም ብዬ አላሰብኩም። ባቡሩን ያዘገየኸው አንተ ነህ ብሎሃል ብል ኖሮ አባቴ እስከ ዛሬ ያምነኝ ነበር።

ሁሉንም ነገርኩት። ጠዋቱን፣ ቁርሱን፣ ወንበሩን፣ የሐኪሙን ዝርዝር፣ የእህቴን ስብሰባ። ሥርዓቱን ሁሉ ጥሼ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻዬን፣ የጌም መጫወቻ በእጄ ይዤ መርዶ ተናገርኩ። አባቴን እያየሁ ዓይኑ ቢፈስ ምን አደርጋለሁ እያልኩ ነበር።

«ስንት ቀን ቀረኝ?» አለ።

«ከምኑ?»

«ከስድስቱ ሳምንት።»

«ስምንት።»

 አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ ጥርሱን ነክሶ ብዙ ቆየ። አንዴ መተንፈስ ያቆመ መስሎኝ ልጮህ ነበር። አላለቀሰም። በመጨረሻ «ዓይኔን ባጠፋው የእናንተ ልፋት ሜዳ ላይ ይቀራል» አለ። ቀጠለና «ለእህትሽ እንዳትነግሪያት። ለማንም። ሰዎቹ ይሄን ያህል ሳምንት ተሸክመው ጠብቀዋል፤ መጥተው ያውርዱት» አለኝ።

«እሺ።»

«አሁን ወደ ኋላ መልሺው። የወጥ ቤቱን በትክክል ንገሪኝ።»

መለስኩት። ዝናቡን፣ ጥይቱን፣ ወጥ ቤቱ እየሞተ ምን እንዳለ፣ ክሬን ነጂው ምን እንደመለሰለት፣ አንዲት ቃል ሳላስቀር ነገርኩት። አፉን ገጥሞ ሰማ። ሲያልቅ ጥቁሩን መነጽር አስተካክሎ ተኛ፤ ከዚያ በኋላ ጌም አላስከፈተኝም። ለሐጂ ግን በማግሥቱ «ሰምቻለሁ» ብሎ ላከባቸው። መጡ፣ መዳፉን ይዘው አጠገቡ ተቀመጡ፣ እስከ አሥር ሰዓት አልተነሱም። ከዚያ ወዲያ በፊት በር ነበር የሚገቡት።

ስምንቱን ቀን ያለፈው እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ይበላል፣ ጠብታውን ያስጨምራል፣ ስለ ሙቀቱ ያማርራል። እሑድ አራት ሰዓት ሲሆን ብቻ ተነስቶ ክፍሉ ውስጥ ቆመ፤ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ተቀመጠ። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ።

የመጨረሻው ምርመራ ሰመራ አጠገብ፣ ዱብቲ ሆስፒታል ነበር። ሐኪሟ መብራት አብርታ አየችና «በደንብ ድኗል» አለች፣ ክልከላውን ሁሉ አነሳችለት። አባቴ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ እኔን አየኝ። «ከስተሻል» አለኝ። ሚኒባስ ውስጥ እስከ ሰመራ ድረስ መንገዱን እያየ ነበር፤ በማግሥቱ ወደ አዋሽ ስንወርድም እንደዚያው።

አዋሽ ቤታችን አረንጓዴ ሆኗል። እህቴ እየሳቀች ተቀበለችን፤ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ወደ ኩሽና ጠርታ «ነገ ጎህ ሲቀድ ይመጣሉ፣ ምንም እንዳይጠረጥር» አለችኝ። «እሺ» አልኳት።

ጎህ ሊቀድ ሲል እኔ ቀድሜ ተነሳሁ። የአባቴን በር ገፋ አደረግሁ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ጫማውን አላደረገም። የግቢው በር ሲንኳኳ ሁለታችንም ሰማን። አባቴ እግሩን ወደ አልጋው መለሰ፣ ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ ዓይኑን ጨፈነ።

ገቡ። የእድሩ ዳኛ ከፊት፣ ኋላቸው አክስቴ፣ እህቴ፣ ከአውቶቡሱ መስኮት በታች ጉንፋን ይዟቸው የነበሩት ሰዎች በሙሉ። ዳኛው ትከሻውን ነካ አደረጉት። አባቴ ነቃ። «ምነው በጠዋት? ደህና ናችሁ?» አለ።

ዳኛው የተዘጋጁበትን ጀመሩ፤ ሰው ሟች ነው፣ አንተ አዋቂ ነህ ብለው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ተሰነካከሉ።  አባቴ አልቸኮለም፤ ቀና ብሎ ፊታቸውን እያየ ጠበቃቸው። «ድሬዳዋ ነው?» አላቸው ቀስ ብሎ። «አዎ» አሉ ዳኛው፣ «ወንድምህ አርፏል።»

ያስመስላል ብዬ ነበር። ለእንግዶቹ ብሎ ትንሽ ያለቅሳል፣ እኔም አውቄ አላውቅም እሆናለሁ ብዬ ነበር። አባቴ አፉን ሲከፍት የወጣው ድምፅ ግን ከዚህ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ነው። ጋቢውን ገፎ ወረደ፣ ወለሉ ላይ ተንበረከከ፣ የጓደኛውን ስም እየጠራ «የት ሄድክ፣ ማን ይጨቅጭቀኝ፣ ማን ጥፋተኛ ይበለኝ» አለ። ሴቶቹ ተቀበሉት። ቤቱ ሞላ። ስምንት ቀን የት አስቀምጦት እንደነበር አሁንም አይገባኝም።

እህቴ እያለቀሰች ተጠጋችኝና በጆሮዬ «አየሽ» አለችኝ፣ «ያኔ ቢሰማ ኖሮ ዓይኑ ይሄን አይችልም ነበር። እንኳን ደበቅነው።»

«አዎ» አልኳት።

ዳኛውና ሌላ ሽማግሌ አባቴን ከሁለት በኩል ደግፈው ከወለሉ አነሱት። ፊቱ ሁሉ ረጥቧል። የዳኛውን ክንድ ይዞ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ «ይቅር በሉኝ» አላቸው፤ «በጠዋት አስነሳኋችሁ።»